አባዬ የማይገቡባት መኪና

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

እንደ ሁልጊዜው። ከፈጅር በኋላ መኪናዋን አሞቅሁ፣ የተሰፉትን ጀለቢያዎች ኋላ ወንበር ላይ ደረደርኩ፣ ወደ ወልድያ ወደ ስፌት ቤቴ። ከመርሳ ሳልወጣ አባዬን አስፋልት ዳር አየኋቸው። ጃንጥላቸውን ተደግፈው ሚኒባስ ይጠብቃሉ። እሳቸውም ወልድያ ናቸው፣ እህቴ ሀስና ዘንድ። የመጀመሪያዋ እርግዝና ነው፣ ወሯ ገብቷል፤ ድሮም በየሰኞው ይጠይቋታል፣ አሁን ሄደው ቁርዓን ይቀሩባታል።

ጥሩንባ ነፋሁ። ፈገግ ብለው እጃቸውን ወደ ፊት አወዛወዙ... ሂጂ፣ ሂጂ። አለፍኩ። ምን ላድርግ? አንድ ቤት አድረን አንድ ከተማ የምንሄድ አባትና ልጅ። እኔ ባዶ ወንበር ይዤ፣ እሳቸው ሚኒባስ ውስጥ የሰው ዶሮ ታቅፈው። ይኼው ዓመት ሊሞላን ነው።

ነገሩ ኢንሹራንሱ ነው። መኪናዋን ስገዛ ሙሉ ኢንሹራንስ አስገባኋት። በዚህ መንገድ ሲኖ ትራኩ እንደ ጎርፍ ነው የሚወርደው፤ ግመሉ አለ፣ አህያው አለ፣ ባጃጁ አለ። ማን ደፍሮ ባዶዋን ይነዳታል? አባዬ ግን ገንዘቡ በወለድ እንደሚዞር ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው... "ሦስተኛ ወገኑ የመንግሥት ግዴታ ነው፣ እሱ ድሩራ ነው፣ የግድ የሚገባበት፣ ምን ይደረጋል። ሙሉውን ግን ወደሽ የገባሽበት ነው። አልፈርድብሽም ናጅዬ። እግሬ ግን እምቢ አለኝ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በቃ፣ አይገቡም።

እማዬ ግን ገበያ ስትሄድ ትገባለች፤ ጉልበቴ እምቢ አለ ትላለች፣ የእሷ ደግሞ ጉልበቷ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ካሳሁንማ የፊቱን ወንበር ለምደውታል። እሳቸውና አባዬ የሰፈሩን ቅሬ፣ ዕድራችንን፣ አብረው ነው የሚመሩት፤ አባዬ ሰብሳቢ፣ ጋሽ ካሳሁን ገንዘብ ያዥ። በገቡ ቁጥር "የሼሁን ወንበር እየጠበቅሁላቸው ነው" ይሉኛል። እስቃለሁ። ጥርሴ ብቻ ነው የሚስቀው።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። መርሳ ላይ አዲስ ነገር የገዛ ሁሉ አባዬ፣ ሼህ ሞላ ጋ ያመጣል። ባጃጅ ይመጣል፣ አይሱዙ ይመጣል፣ ባለፈው የውሃ ፓምፕ በጋሪ ጭነው መጡ። አባዬ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፣ ሰው አሚን ይላል። የእነሱንስ ኢንሹራንስ ለምን አይጠይቁም? ብዬ ነበር። የሰው ቤት አልጠይቅም፣ በቤቴ ግን እጠየቃለሁ አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ምን እላለሁ። ግን የሰው ፓምፕ ተመርቆ ሲወጣ የእኔ ነጭ ቪትዝ እዚያው ግቢ ቆማ ታያለች። በፓምፕ ቀናሁ! ይኼ ለሰው ይነገራል?

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

አንዲት ደንበኛ ክንዷን እየለካኋት ስለ ታካፉል አወራችኝ። ባሏ አይሱዙውን ወደዚያ አዛውሮታል። ኢንሹራንስ ነው፣ ግን ወለድ የለበትም። የት? ስላት... እዚሁ ወልድያ! እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ! ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። የልጅቱን ክንድ ሁለቴ ለካሁ፣ ሁለቴም ረሳሁት።

እውነት ከሆነስ?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ሄድኩ! እውነት ነው!

ሂጃብ የለበሰች ልጅ ነበር የጠበቅሁት። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ልጅ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ። እየሩሳሌም ትባላለች። ማተቧን ሳይ ገባት፣ "ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ያየኛል" ብላ ሳቀች። ከዚያ ስለ ሐላልና ሐራም ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። የሼህ ልጅ ሆኜ!

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። አባላቱ የሚከፍሉት መዋጮ ነው፤ ለመረዳዳት ብለው የሚሰጡት። አደጋ የደረሰበት ከዚያ ይካሳል። ገንዘቡ ወለድ ካለበት ቦታ አይገባም፣ የሚቆጣጠሩት ዑለሞች አሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ከተረፈ ለአባላቱ ይመለሳል። ሦስተኛ ወገኑም ሙሉውም አለ።

ስወጣ መንገዱን ሳላይ ተሻገርኩ፣ ባጃጅ ሊበላኝ ነበር። ኢንሹራንስ ልቀይር ብዬ እንዲህ መሆኔ... ሰው ቢሰማ ያብዳል።

ለአባዬ ግን አልነግራቸውም። ጨርሼ፣ አጽድቼ፣ መኪናዋን በር ላይ አቁሜ ነው የምነግራቸው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

አፌን ይዤ ዋልኩ። እማዬ "ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የምትስቂው፣ ባል አገኘሽ እንዴ?" አለችኝ። የሚያስቀው ባል ብቻ ነው እንዴ!

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ሀስና ተገላገለች! ወንድ! አልሐምዱሊላህ። ሁለቱም ደህና ናቸው። እማዬ እልልታዋን አቅልጣው ጋሽ ካሳሁን በአጥር ዘለቁ ማለት ይቻላል።

አቂቃው፣ የልጁ ድግስ፣ እሑድ ነው። ስም የሚያወጡት አባዬ ናቸው። ማታ ራት ላይ፣ እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ፣ አንቺ እናትሽን ይዘሽ ድረሺ አሉኝ። እሺ አልኩ። በሆዴ ግን... አይሄዷትም! የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ስም ሊያወጡ በሰው ትከሻ መሀል ተጣብቀው? እኔ እያለሁ?

እሑድ በእኔ መኪና ነው። ይኼ ቀን ካመለጠኝ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን የት አገኛለሁ?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

የድሮው ኢንሹራንስ ጋ ሄድኩ። ቢኒያምን አገኘሁት፣ ያኔ ያስገባኝም እሱ ነው። ውሌን ላቋርጥ ስለው ፊቱ ጠቆረ። ምን አጎደልንብሽ? አለኝ። ምንም አላጎደላችሁም፣ እውነቱን ነው። የአባዬን ነገር ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አዟዟረ። "ለአባት ከሆነማ እኔ ምን አፍ አለኝ" አለ።

ማመልከቻዬን ተቀበለ። የምስክር ወረቀቱንና የመስታወቱን ስቲከር ስመልስ የቀረው ጊዜ ታስቦ ይመለስልኛል። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ፣ አዲሱን ሳትጨርሺ ስቲከሩን እንዳትነኪው አለኝ። እሺ፣ እሺ አልኩት።

ሰማሁት እንዴ? ጆሮዬ ሰምቷል። እኔ ግን ያኔ በሐሳቤ መንገዱን ጀምሬ ሲሪንቃ ደርሼ ነበር፣ አባዬን ከጎኔ አስቀምጬ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ላጥኩት!

ነገ ጁምዓ ነው። ከዐስር ሰላት በኋላ መኪናዋን ሳጥብ ድንገት ታየኝ። ለጁምዓ ሰው ገላውን ይታጠባል፣ ነጭ ይለብሳል፣ ሽቶ ይቀባል። እሷስ? የወለዱን ምልክት ግንባሯ ላይ ለጥፋ መስጊድ ልትሄድ? ምላጭ አመጣሁ፣ የሳሙና ውሃ አመጣሁ። እምቢ አለ። ፋቅሁት። በቁራጭ በቁራጭ መጣ። እማዬ በመስኮት፣ "ምን በደለሽ ያ ወረቀት?"

ቁራጮቹን ፖስታ ውስጥ አጠራቀምኩ። መስታወቱ ወለል አለ። ደስ ሲል! ነገ አባዬን ራሴ ጁምዓ አደርሳቸዋለሁ፣ እሑድ ደግሞ ወልድያ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አላህ... ከየት ልጀምር?

አባዬ ነጭ ለብሰው ሲወጡ መኪናዋን በሩ ላይ አዙሬ ጠበቅኋቸው። ከወለዱ ወጥቻለሁ አልኳቸው። ወደ ታካፉል እየገባሁ እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው... እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። መኪናዋን ዞሯት። ፋኖሷን ነኩ፣ ጣሪያዋን ነኩ። ከዚያ በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

ገቡ።

አባዬ ገቡ! ጫማቸውን ሊያወልቁ ነበር፣ አይወለቅም አልኳቸው። ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ። ወንበሩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ቁልፉን ያዝኩ። ቢስሚላህ ልል ስል አባዬ መስታወቱን አዩ።

"እዚህ ላይ የነበረው ወረቀት የታለ?"

"ላጥኩት።"

"የመንግሥቱን? ድሩራ ነው ያልኩሽን?"

ሦስተኛ ወገኑንና ሙሉውን ባንድ ላይ ነበር የገዛሁት፣ ባንድ ላይ ነው የጣልኩት። አሁን መኪናዋ ምንም የላትም። የድሮው ወጥቷል፣ አዲሱ አልገባም። ቢኒያም ያለኝ ያኔ፣ እዚያው መሪው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ተሰማኝ።

መስጊዱ እኮ ቅርብ ነው፣ ቀስ ብለን... አልኩ። አባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰው ብትገጪስ? ወለዱ በእኔና በአላህ መሀል ነበር። ይኼ ግን የሰው ሐቅ ነው።"

እንግዲህ ይወርዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልወረዱም። አዛን እስኪል ቁጭ እንበል አሉ። ቁጭ አልን። በቆመች መኪና፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የእማዬን የልብስ ገመድ ፊት ለፊት እያየን። ይኼ ምንድን ነው? የዝናቡ መጥረጊያ ነው። ይኼስ? የመብራቱ። መስኮቱን አውርደው አወጡት፣ ደግመው አወረዱት። እማዬ ብቅ ብላ የት ልትሄዱ ነው? ስትል "የትም" አሉ አባዬ፣ ረጋ ብለው።

አዛን ሲል ወረዱና በእግራቸው ሄዱ። በሩን ሲዘጉ፣ ጥሩ መኪና ናት አሉ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ... እያለቀስኩም ሳይሆን አይቀርም።

ከሰላት በኋላ ወልድያ በረርኩ። በሚኒባስ! ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ። አባዬ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚሄዱት? ቢኒያም ፖስታውን ከፍቶ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ አራገፋቸውና "ይኼ ስቲከር ነው ቋንጣ?" አለኝ። ከዚያ አልነገርኩሽም? መጣ። ነግሮኛል፣ ነግሮኛል። ግን ተቀበለኝ፣ አላህ ይባርከው።

እየሩሳሌም ጋ ስደርስ ደግሞ መኪናዋ መታየት አለባት አለችኝ፣ ፎቶ ተነስታ ነው የምትገባው። አምጫት አለች። በምን ላምጣት? ሳትታይ ስቲከር የለም፣ ያለ ስቲከር ከመርሳ አትወጣም፣ እሑድ አቂቃው ነው! ለመኪና ሳይሆን ለአባዬ እንደሆነ ነገርኳት። የግቢውንም፣ የልብስ ገመዱንም፣ ሁሉንም።

ወደ አለቃዋ ቢሮ ገብታ ቆይታ ወጣች። ነገ በጠዋት እኔው እመጣለሁ አለች፤ መርሳ ብርቱካን ልገዛ ካሰብኩ ቆይቻለሁ ብላ። አቀፍኳት። ቢሮ ውስጥ መሆኔን ረስቼ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

መጣች! ከሚኒባስ ስትወርድ እየሮጥኩ ተቀበልኳት። መኪናዋን በስልኳ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን አነሳቻት። ድሮ ጋሪ የጫረብኝን ቦታ ሳይቀር።

አባዬ ወንበር አስወጥተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ካሳሁንም እንደ ሽማግሌ አጠገባቸው። ልጄ ነይ እስቲ አሏት። በሆዴ በቃ አልኩ፣ ፈተና ሊያወጡባት ነው። እኔ የነገርኳቸውን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተዋል፣ ግን አዎን አላሉም። አዎን ካላሉ ስቲከሩ ምን ይሠራል?

መዋጮው በውዴታ ነው ወይ? አሉ። አዎ አባባ። ቢተርፍ ማን ይወስደዋል? ለአባላቱ ይመለሳል። አደጋ በዝቶ ቢጎድልስ? ድርጅቱ ያለ ወለድ ያበድራል፣ ቆይቶ ይመለስለታል። አባዬ ጢማቸውን እያሹ ወደ ጋሽ ካሳሁን ዞሩ። ይኼማ ቅሬ ነው አሏቸው። ጋሽ ካሳሁን፣ ድንኳንና ድስት ብቻ ነው የቀራቸው አሉ።

ተገላገልኩ ስል አባዬ እንደገና ዞሩባት።

"ካሳሁን መኪና ቢኖረው መግባት ይችላል?"

ይኼን እኔ አልጠየቅኩም ነበር። የት አስቤው!

"ይችላሉ አባባ። እኔም ገብቻለሁ። የወንድሜን ባጃጅ እዚያው ነው ያስገባሁት" አለች እየሩሳሌም፣ ማተቧን ነካ አድርጋ።

አባዬ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ... "ጎረቤቴን በር ላይ የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ፣ ወለድ ባይኖረውም ቅር ይለኝ ነበር። ግቢ ናጅዬ። በቢስሚላህ ግቢ።"

ጋሽ ካሳሁን አይናቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ትንሽ ቆይተው፣ እንግዲህ መኪና የሚገዛልኝ ሰው ነው የጠፋው አሉ።

ቢሮው በግማሽ ቀን ይዘጋል። እኔና እየሩሳሌም ብርቱካኗን ታቅፈን ሚኒባስ ላይ ተሰቀልን። ሲሪንቃ ላይ ተሳፋሪ ለመጫን ቆመ፣ ሾፌሩን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ። ደረስን። ፈረምኩ። ስቲከሩን ተቀበልኩ። እንዳይታጠፍ መጽሐፍ ውስጥ አድርጌ፣ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ተመለስኩ።

እማዬ መስታወቱን አደረቀች፣ እኔ ለጠፍኩ። አባዬ ቆመው አዩ። ትንሽ ወደ ቀኝ ዘሟል አሉ። ይዝመም! ከእንግዲህ ምላጭ አልነካም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አሁን ከወልድያ መግባታችን ነው። ሁሉንም ሳልረሳው ልጻፈው።

ጠዋት ጋሽ ካሳሁን አዲስ ጋቢ ለብሰው መጡ። የፊቱን በር ከፈቱ፣ ወንበሩን በእጃቸው ጠረጉ፣ "አደራዬን አስረከብኩ" ብለው ኋላ፣ እማዬ አጠገብ ገቡ። አባዬ ከፊት። ቀበቶውን ሳስርላቸው ይኼኛውስ ሐላል ነው? አሉኝ። አባዬ ቀለዱ!

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ የሚኒባሱ ረዳት እንደለመደው፣ ሼሁ ወልድያ፣ ሼሁ ቦታ አለ እያለ መጣ። አባዬ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ወደ ፊት አወዛወዙ። ሂድ፣ ሂድ። ያችው ለእኔ የሚያወዛውዟት።

ልቤን ነካኝ። ጥቂት እንደሄድን አልቻልኩም፣ ተናገርኩት። ለካስ ውስጤ ተቀምጦ ነበር። አባዬ፣ የሰው ፓምፕ መርቀው የእኔን መኪና ዝም ማለትዎ ከፍቶኝ ነበር አልኳቸው። በየሰኞው ሂጂ ብለው እጅዎን ሲያወዛውዙልኝ ከፍቶኝ ነበር።

ከመንገዱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሂጂ ማለቴ መሰለሽ?" አሉ። "እየመረቅሁሽ እኮ ነው። ያ ሁሉ ሲኖ ትራክ በሚወርድበት መንገድ ልጄ ብቻዋን ስታልፍ ሳልመርቅ ልሰድሽ? አንድ ቀን አላለፍኩሽም። ልገባ አልቻልኩም እንጂ ዱዓዬ ካንቺ ጋር ሲሄድ ነው የከረመው።"

መንገዱ ደበዘዘብኝ። ዓመት ሙሉ... በፓምፕ እየቀናሁ... እሳቸው ጃንጥላቸውን ተደግፈው... እኔ ቂም ይዤ እያለፍኩ... አሚን እንኳ ሳልል!

"አሁን ደግሞ በደንቡ ልመርቅሽ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን መሪ ይዣለሁ። መሪ ይዞ ምርቃት እንዴት ይቀበላል? ሲሪንቃ ከመግባታችን በፊት ፍሬቻ አበራሁ፣ ዳር ያዝኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

"መንገድሽን ሜዳ ያድርግልሽ።" አሚን። "የሚመጣውን ያሳልፍልሽ፣ የሚከተልሽን ይያዝልሽ።" አሚን። "ጎማሽን እሾህ አይንካው፤ ወጥተሽ ግቢ፣ ጭነሽ አግቢ።" ኋላ እማዬ አሚን፣ ጋሽ ካሳሁን አሜን። "ካንቺ ጋር ያዋጣውን ሁሉ፣ የማታውቂውንም፣ ከአደጋ ይጠብቀው፤ መዋጮው ሳይነካ ይክረም።" አንድ ሲኖ ትራክ በአጠገባችን አልፎ መኪናዋን ወዘወዛት። እጄን አላጠፍኩም። የዓመቱን አሚን ሁሉ እዚያው አልኩት።

አባዬ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና፣ ንጂ እንግዲህ፣ ሕፃኑ ስም እየጠበቀ ነው አሉ።

ሂሻም አሉት። ጮኸ፣ ስሙን የወደደው ይመስላል።

ቅድም ቤት ስንገባ ጃንጥላቸውን መኪናዋ ውስጥ ረስተውት ወረዱ። ላመጣላቸው ተመለስኩ። "ተይው፣ እዚያው ይደር" አሉኝ ከበሩ። "ነገ ሰኞ አይደል?"